የመንታው ቤት አደራ
(በደብራችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ከብሪክስተን የምድር ባቡር ጣቢያ ወጥተን ወደ ደቡብ ጥቂት ስንራመድ ዊንድረሽ አደባባይ እንደርሳለን። በአደባባዩ ዳር ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምናልፈው ራሊ ሆል የተባለ ጥንታዊ ቤት አለ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱ በ1824 ሲሠራ በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ሁለት መኖሪያዎች ነበሩ። በ1816 የቮክስሆል ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ ለንደን ወደ ደቡብ እየሰፋች፣ የብሪክስተን መስክም በቤት እየተሞላ የሄደበት ዘመን ነበር። ጊዜ ሲለወጥ ነዋሪዎቹም ተለዋወጡ፤ በኋላም ያ መንታ ቤት ሰው አጥቶ ፈራረሰ።

በሰኔ 1948 ኢምፓየር ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ከካሪቢያን ብዙ መንገደኞችን ይዛ መጣች። ማረፊያ ያጡት በክላፕሃም ሳውዝ ከምድር በታች በተሠራ የጦርነት መጠለያ አደሩ። ቅርባቸው የነበረው የሥራ አገናኝ ቢሮ በብሪክስተን ኮልድሃርበር ሌን ስለነበር ብዙዎቹ እዚሁ ሰፈሩ። በ1981 ሌን ጋሪሰንና ባልደረቦቻቸው፣ ልጆቻቸው የራሳቸውን ታሪክ እንዳያጡ በማሰብ፣ ብላክ ካልቸራል አርካይቭስ የተባለውን ቤተ መዛግብት መሠረቱ። ደብዳቤውን፣ ፎቶግራፉን፣ ጋዜጣውን ሰበሰቡ። ራሊ ሆልም ታድሶ በ2014 የዚህ ቤተ መዛግብት ማደሪያ ሆነ። ሠላሳ ሦስት ዓመት መጠበቅን የሚጠይቅ ሥራ ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በዚያው አደባባይ በ2017 ለአፍሪካና ለካሪቢያን ወታደሮች የመታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። በ1941 ፋሺስት ጣሊያንን ከአገራችን ለማስወጣት ከተዋጉት መካከል የናይጄሪያ፣ የጎልድ ኮስትና የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ነበሩበት።

ታዲያ የእኛስ መዝገብ የት ነው? የመጀመሪያዎቹ የጥምቀት መዝገቦች፣ የጉባኤ ቃለ ጉባኤዎች፣ የበዓላት ፎቶግራፎችና የካሴት ቅጂዎች በየቤታችን ቁም ሣጥን ተበትነዋል። ደብሩን ያቆሙ እናቶችና አባቶች እያረጁ ነው፤ አንዳንዶቹም አርፈዋል። ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማይታወቁ ሰዎች ምስል ይሆናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ቢያንስ አንድ ፎቶግራፍ፣ የሰዎቹን ስምና ዘመኑን ጽፎ ያምጣ። ወጣቶቻችን የአረጋውያኑን ድምፅ በአማርኛ ይቅረጹ። ሰበካ ጉባኤውም ለዚህ የሚሆን አንድ ደረቅ ክፍልና አንድ ኃላፊ ይመድብ። አባቶቻችን በዋሻና በገዳም ብራናውን ከእሳትና ከዝርፊያ ሰውረው ያቆዩልን ለእኛ ብለው ነው። እኛም ለልጆቻችን እናቆይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።