ለፊደላችን ቦታ ያልነበረው ማሽን



አይ.ቢ.ኤም. በ1959 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው 1401 የተባለ ኮምፒውተር፣ ተጨማሪ ካልተገጠመለት ሜሞሪው ቢበዛ 4,000 ፊደል ይይዝ ነበር። ይህ ዲስኩር ብቻውን ግማሽ ያህሉን ይሞላዋል። ፕሮግራሙም የደመወዝ መዝገቡም በዚያች ቦታ ተጣበው ያድራሉ። ገንዘብ ያለው መሥሪያ ቤት ጨምሮ ከፍሎ እስከ 16,000 ያደርሰዋል።

ሜሞሪው የትናንሽ ማግኔት ቀለበቶች መረብ ነው። ቀለበቱ ወደ አንድ ወገን ሲማገነጥ «አንድ»፣ ወደ ሌላው ሲሆን «ዜሮ» ይባላል። ለአንድ ፊደል ስምንት ቀለበት ይሄዳል፤ ስድስቱ ለፊደሉ፣ አንዱ ለስሕተት መፈተሻ፣ አንዱ ለቃል ድንበር። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ንባቡ ነው፤ ቀለበቱ ሲነበብ የያዘው ይጠፋል። ስለዚህ ማሽኑ ባነበበ ቁጥር ያነበበውን ወዲያው መልሶ ይጽፋል።

ፕሮግራሙ ከሜሞሪው ሲበልጥስ? ባለሙያው ራሱ ይቆራርጠዋል፤ አንዱ ቁራጭ ሲጨርስ ሌላው ከቴፕ መጥቶ በላዩ ይሰፍራል። ከጎተራ የዕለቱን ጤፍ ብቻ ቀንሶ ወደ ወፍጮ እንደመላክ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ማንቸስተር ላይ ሥራ የጀመረው አትላስ ይህን ጣጣ ከሰው ትከሻ አወረደ። ፕሮግራሙን በ512 ቃላት ገጽ ከፍሎ፣ የሚፈለገውን ገጽ ከከበሮ ማከማቻ ወደ ሜሞሪ ማሽኑ ራሱ ያመጣ ጀመር።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ስድስት ቀለበት 64 ምልክት ብቻ ይለያል። የእኛ ፊደል 33 ጊዜ 7፣ ማለትም 231 ነው፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ስምንት ቢት የሚሰጠውን 256 ያልፋል። ስለዚህ የአገራችን ገበሬ ስም ማሽን ውስጥ ይገባ የነበረው የላቲን ልብስ ለብሶ ነው። መኮንን በአንድ «ኤን» ነው በሁለት? አንዱ ጸሐፊ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይመታው ነበር፤ አንዱ ሰው ሁለት ይሆን ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እነ ዶክተር አበራ ሞላና አቶ ፍስሐ አጥላው ፊደሉን በግል ኮምፒውተር ላይ ለማዋል ደከሙ። በኋላ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ማካፈል አንዱ መላ ሆነ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ሰፊ ቦታ እስኪሰጠው ድረስ።

የዓመተ ምሕረቱም ነገር የጥበት ልጅ ነው። የተበሳው ካርድ 80 ዐምድ ብቻ ስለነበረው ዓመቱ በሁለት አኃዝ ይጻፍ ነበር። ዓለም 2000 ሲገባ ማሽኖቹ ዘመን ይስታሉ ብሎ ሲሸበር እኛ ዘንድ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ነበር። በእኛ አቆጣጠር በሁለት አኃዝ ለተጻፈ ፕሮግራም ግን «00» የሚመጣው መስከረም 1 ቀን 2000 ነበር፤ በ1945 የተወለደ ሠራተኛ ዕድሜው ሲሰላ ከዜሮ በታች 45 ይወጣል።

እዚህ ላይ ግን ለማሽኑ ልከራከርለት። ፊደላችንን የከለከለን በእርግጥ ጥበቱ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወራችንን ጳጉሜንን የነፈገን ግን እሱ አይደለም፤ በሁለት አኃዝ የሚጻፍ የወር ሳጥን እስከ 99 ይቆጥራል፤ «ከ12 በላይ አትቀበል» ብሎ ያዘዘው ሰው ነው። ሜሞሪ በጊጋባይት በሚለካበት በዛሬው ዘመንም ጳጉሜን 3 ለተወለደች ልጅ ፎርም የሚሞላላት ሰው ያንኑ ሳጥን ያገኛል፤ ሴፕቴምበር 8 ብሎም ያልፋል።