ስለ አንዲት የላላች የሽቦ ማያያዣ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ መካኒክ አይደለሁም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሆኖም አሮጌ ቮልስዋገን ለሃያ ዓመት ያህል ነድቻለሁና፤ መንገድ ላይ እየቆመች ብዙ አስተምራኛለችና፤ ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ልናገር ተነሥቻለሁ። ዕቃዋ ትንሽ ትሁን እንጂ አንድ አባላችንን ልታሳጣን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት አንድ አባላችን ከሦስት ቀብር ቀረ። በጠየቅነው ቁጥር «ሞተሩ መንገድ ላይ ጠፋብኝ» ይለናል። እኛም «ሰው ምክንያት መቼ ያጣል?» ብለን በደንባችን መሠረት ቀጣነው። ቅጣቱን በመዝገብ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሰውየው ባትሪ ለወጠ፤ ካንዴላ ለወጠ፤ ቦቢና ለወጠ፤ ገንዘቡ አለቀ እንጂ መኪናዋ አልዳነችም። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ «ከእድሩ ሰርዙኝ» አለን።

አንድ ቀን ለቅሶ ለመድረስ አብሬው ተሳፈርኩ። ኮረኮንቹ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ድንገት ጥፍት አለ። ወርደን የኋላውን ክዳን ከፍተን ብናይ፣ ከቁልፉ ወደ ቦቢናው በሚመጣው ሽቦ ጫፍ ላይ ያለችው የናስ ማያያዣ ጠቁራና ላልታ በጣት ስትነካ ትወዛወዛለች። ጫን አደረግኋት፤ ሞተሩ ተነሣ። ቦቢናው ሲለወጥ ለካ ያችው አሮጌ ማያያዣ ተመልሳ በአዲሱ ላይ ተሰክታ ኖሯል!

ምክንያቱን ላስረዳ። ቦቢና የባትሪውን 12 ቮልት ተቀብሎ ብዙ ሺህ ቮልት ያደርግና በዲስትሪቢዩተር በኩል ወደ ካንዴላዎቹ ይልካል። ማያያዣዋ ስትላላ ኤሌክትሪኩ በጠባብ በር ያልፋል፤ በዚያ ቦታ ሙቀት ይፈጠራል፤ ናሱ ሲግል ይጠቁራል፤ ጨምድዶ የመያዝ ኃይሉንም ያጣል። ስለዚህ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይቋረጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይገናኛል። ጋራዥ ሲደርስ መኪናው ደህና ይሆንና ባለቤቱ ውሸታም ይመስላል።

አሁን ወደ ጥገናው ልግባ።

አንደኛ፤ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ከፍታችሁ የአንዲት የመኪና አምፖል አንዱን ሽቦ ከሞተሩ ብረት፣ ሌላውን ቦቢናው ላይ 15 ቁጥር ከተጻፈበት ጫፍ አስነኩ። ከዚያ ወደዚያ ጫፍ የሚመጣውን ሽቦ ቀስ ብላችሁ አወዛውዙ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ክፍት መተው ግን ቦቢናውን ያግለዋልና ተጠንቀቁ።

ሁለተኛ፤ ቁልፉን ዘግታችሁ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። በቮልስዋገን ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው።

ሦስተኛ፤ ስትነቅሉ ማያያዣዋን ራሷን ያዙ እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ። የ15 ቁጥሩና የ1 ቁጥሩ ሽቦ እንዳይምታታባችሁ በቁራጭ ወረቀት ምልክት አድርጉ።

አራተኛ፤ የላላችውን በፒንሳ ጠበቅ ማድረግ ለዕለቱ ቤት ያደርሳል እንጂ መድኃኒት አይሆንም። የጠቆረውን ሽቦ ንጹሕ መዳብ እስኪታይ ድረስ ቁረጡ፤ በልኩ አዲስ ማያያዣ አስገብታችሁ በደንብ ጨምድዱ፤ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ላስቲኩን አልብሱ። የቦቢናውን ምላስም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጥሩ። ዋጋው ከአንድ ካንዴላ አይበልጥም።

ሽቦ ለሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልን ግን እርም በሉ። የቤንዚኑ ጎማ እዚያው አጠገብ ነው፤ ከተሰነጠቀ አስቀድማችሁ ለውጡ፤ እሳትና ቤንዚን ጎረቤት አይሆኑም። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ከቦቢናው የሚወጣውን ወፍራሙን ሽቦ በእጃችሁ እንዳትነኩ።

ወገኖቼ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የዚያ አባላችን መኪና በቀብር መንገድ ላይ አልቆመችም። እርሱም ዛሬ በመካከላችን ተቀምጧል። ኮሚቴው ቅጣቱን መለሰለት። መዝገብ አይፋቅምና እኔም «በስሕተት የተቀጣ» ብዬ ከሥሩ ጽፌ ፈረምኩ። ይቅርታም ጠይቄዋለሁ። እንግዲህ «መኪናዬ ቆመችብኝ» የሚል አባል ሲመጣ፣ ቅጣቱን ከመጻፋችን በፊት አንድ ሰው ሄዶ ሽቦውን ነካ ነካ አድርጎ ይይለት እላለሁ።