ዜሮዋን ማን በላት?

አዳማ ውስጥ የዕቃ መደብር አላችሁ እንበል። የበዓል ቅናሹን በአጭር መልእክት ለደንበኞች ልትልኩ ኤክሴሉን ስትከፍቱት፣ ሞባይልና መደበኛ ስልክ ተደባልቆ ቁጭ ብሏል። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠ ስልክ የተላከ መልእክት ደግሞ የሚያነበው የለም።

መለያው ከፊት ያለው ቁጥር ነው። 09 የኢትዮ ቴሌኮም ሞባይል ነው፤ 07 በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም። 022 የአዳማ፣ የሞጆና የአሰላ መደበኛ ስልክ ነው። ቢሾፍቱ ግን፣ ጎረቤታችን ሆና ሳለ፣ እንደ አዲስ አበባ 011 ትላለች፤ ሻሸመኔ 046።

ተንኮለኛው ኤክሴል ነው። 0911 ብላችሁ ስትጀምሩ ሒሳብ መስሎት የፊቷን ዜሮ ይውጣታል። ስለዚህ መጀመሪያ የአገሪቱ መለያ 251 ከፊቱ ካለ ቁረጡለት። ከቀሩት ዘጠኝ አሃዞች በ9 ወይም በ7 የሚጀምረው ሞባይል ነው፤ በ22፣ በ11 ወይም በ46 የሚጀምረውን ለብቻው አውጡት። ሰባት አሃዝ ብቻ ካያችሁ ሰውየው የከተማውን መለያ ሳይጽፍ የሰጣችሁ የቢሮ ስልክ ሳይሆን አይቀርም። እሱን ደውላችሁ ሞባይሉን ጠይቁት። ለሚቀጥለው ምዝገባ ደግሞ ዓምዱን ከቁጥር ወደ ጽሑፍ ቀይሩት፤ ያኔ ዜሮዋ ከቦታዋ አትነቃነቅም።