ደጀኑ ማን ነው? በቡድን ስለሚደረግ የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ



በዚህ መድረክ እንድናገር ስጋበዝ አዘጋጆቹ የጠበቁት ስለ ተፋሰስ ወይም ስለ አፈር መሸርሸር እንደሆነ እገምታለሁ፤ ለረጅም ዓመታት ያስተማርሁት እርሱን ነውና። እኔ ግን ዛሬ እሑድ እሑድ ስለምውልበት ነገር ልናገር መርጫለሁ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ተራሮች ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ የእግር ጉዞ ቡድን አባል ነኝ። ወጣቶቹ «ሃይኪንግ» ይሉታል፤ እኔም በመካከላቸው ስሆን እንደዚያው እላለሁ። ርእሱ ቀላል ቢመስልም በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙያዬም ዕድሜዬም ያላስተማሩኝን አንድ ነገር አስተምሮኛል። የመጣሁት ያንን ለመናገር ነው።

ጉዞው እንዲህ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በአንድ አደባባይ እንገናኛለን፤ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ወይም ሁለት ሚኒባስ እንከራያለን፤ የተራራው ግርጌ ስንደርስ ወርደን በእግር እንቀጥላለን። የሒሳብ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ ሱቅ ጠባቂው፣ ጡረተኛው፣ ሥራ ፈላጊው ተመራቂ በአንድ ሰልፍ ይሄዳሉ። በየቦርሳው ቆሎ፣ በሶ፣ ሙዝ አይጠፋም፤ ጭኮ ይዞ የመጣ ሰው በዚያ ቀን ወዳጅ አያጣም። እንጦጦ ለከተማው ቅርብ በመሆኑ የጀማሪዎች ትምህርት ቤት ነው። ዝቋላ በአናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ገዳም የያዘ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን በዚያ አቀበት የሚወጣውን ምእመን ያየ ሰው ስለ እግር ጉዞ ከእኛ ቡድን የሚማረው ብዙ የለም። የረር አለ፣ ወንጪ አለ።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ወጨጫ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,385 ሜትር ከፍታ አለው፤ ምዕራባዊ ጎኑን የሸፈነው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው። ተማሪዎቼን ሦስት ሳምንት በክፍል ከማስተምራቸው ይልቅ አንድ ቀን እዚያ ብወስዳቸው እመርጣለሁ። ከታች ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው ይቀበሉሃል፤ ከፍ ስትል ኮሶው ይመጣል፤ ከዚያም በላይ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታው ብቻ ይቀራል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል የሚለውን ቁጥር በሰሌዳ የጻፍሁት ስንት ጊዜ ነው! እዚያ ግን ሹራቡን ከቦርሳው ሲያወጣ ማንም ሰው ራሱ ያገኘዋል። ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ደግሞ ገለጻ የሚያዳምጠኝ የለም፤ እኔም አልቀየምም።

በእነዚህ መንገዶች ላይ የምናገኘው ገበሬ አዘውትሮ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ። «አካም ጅርቱ» ተባብለን ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የሠላሳ ሰዎችን ሰልፍ ከዳር እስከ ዳር ያይና «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» ይላል። ቀልድ አይደለም። ሠላሳ ሰው በእሑድ ተራራ ለተራራ የሚዞር ከብት ቢጠፋ፣ ሰው ቢጠፋ ነው። እኛም «ምንም አልጠፋብንም፤ ለመናፈስ ነው» እንላለን፤ እርሱም በጨዋነት ይቀበለናል፤ ሲያምነን ግን አላየሁም።

ገበሬው እውነት አለው። ለመናፈስ ተብሎ በቡድን ተራራ መውጣት የከተማ ልጅ ነው፤ ያውም የፋብሪካ ከተማ። በ1895 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ የተመሠረተው የተፈጥሮ ወዳጆች ማኅበር የሠራተኞች ማኅበር ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ በጭስ ውስጥ የሚውል ሰው በእረፍት ቀኑ ወደ ተራራ የሚሄድበት። እንግሊዝ አገር ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን 1932 እ.ኤ.አ. የማንቸስተርና የአካባቢው ወጣት ሠራተኞች ኪንደር ስካውት ወደሚባለው፣ ባለመሬቶች ለአደን ከልለውት ወደነበረው ከፍተኛ ቦታ በጅምላ ወጡ፤ ከመካከላቸው አምስቱ ታሰሩበት። እኛ በገበሬው ማሳ ዳር በነጻ ስናልፍ፣ ውሻውን ከልክሎ መንገድ ሲያሳየን፣ ሌሎች ታስረው የተከራከሩበትን መብት በሰላምታ ብቻ እያገኘን መሆናችንን ብናስታውስ መልካም ነው። ቢያንስ የሙዝ ልጣጭና የውኃ ፕላስቲክ ጥለንበት አንሂድ።

በአገራችን በብዛት ሆኖ በእግር መጓዝ ግን አዲስ ነገር አይደለም። ሲራራ ነጋዴው በጓድ ይሄድ ነበር፤ ሠራዊቱም በሥርዐት ይዘምት ነበር። የማዕረግ ስሞቻችን ራሳቸው የጉዞ ሰልፍ ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት የሚመራው ነው፤ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ። ከኋላ ያለው ጦር ደጀን ይባላል። ፊታውራሪነት ዛሬ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ቀርቷል፤ «ደጀን ሆነልኝ» የሚለው አነጋገር ግን አሁንም በየቤቱ ይሰማል። ልብ በሉ፤ ከኋላ የቆመው ሰው መጠሪያ የመደገፊያ፣ የመተማመኛ ስም ሆኗል። ይህን በቋንቋ ደረጃ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በተራራ ላይ ግን አላወቅሁትም ነበር።

ወደ ሒሳቡ ልግባ። በ1892 እ.ኤ.አ. ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ አንድ ቀላል ስሌት አቀረበ፤ ዛሬም ይሠራበታል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዝ፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት አንድ ሰዓት ጨምር። ደርሶ መልሱ 14 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 900 ሜትር የሆነ ጉዞ በዚህ ስሌት 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ይሁን እንጂ ስሌቱ ዕረፍትን አይቆጥርም፤ የተሠራውም ለስኮትላንድ ተራሮች ነው። እኛ ጉዟችንን የምንጀምረው ከዚያች አገር ከፍተኛ ተራራ አናት በላይ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁ። የቀኑን ብርሃን ማወቅም ያስፈልጋል፤ በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው የማምሻ ብርሃን አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ይህን ሁሉ አሰልቼ አውቀው ነበር። የማላውቀው ስሌቱ የማንን እግር እንደሚለካ ነው። ቡድን አማካይ ፍጥነት የለውም። ፈጣኑ ሲደርስ ቡድኑ አልደረሰም፤ የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ነው የደረሰው። ይባስ ብሎ ዕረፍት በእኩል አይከፋፈልም። ከፊት ያሉት ደርሰው ይቀመጣሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ ላባቸው ይደርቃል፤ ብርዱ ሲጀምራቸው መነሣት ያምራቸዋል። ያን ጊዜ የመጨረሻዋ ሴት እያለከለከች ትደርሳለች። «መጡ፤ በሉ እንነሣ» ይባላል። ከሁሉ የደከመው ሰው ከሁሉ ያነሰ ያርፋል ማለት ነው። ማንም በክፋት አያደርገውም። እንዲህ መሆኑን የሚያውቀው ግን ከኋላ የሚሄደው ብቻ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመጋቢት መጨረሻ፣ ወጨጫ ላይ መሪው እኔ ነበርሁ። ሠላሳ አራት ሰዎች ነበርን። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን፤ ከፊት ያለነው 6 ሰዓት ተኩል ላይ አናቱ ላይ ደረስን። የመጨረሻዋ ተጓዥ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሱ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል። ቆጠርሁ፤ ሠላሳ አራት። የበልግ ደመና ከምዕራብ እየተሰበሰበ ስለነበር ፈራሁና «ዝናብ ሳይቀድመን እንውረድ» አልሁ። እኛ ሦስት ሩብ ሰዓት አርፈናል፤ እርሳቸው አምስት ደቂቃ። ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰላሁትም።

8 ሰዓት ላይ ጭጋግ ወረደ። አሥር እርምጃ ወደፊት አይታይም ነበር። እኔ ከፊት ነበርሁ፤ ብልህነት የመሰለኝም እርሱ ነው፤ መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ። ከኋላ ማን እንዳለ ለማንም አልነገርሁም፣ ከማንም አልጠየቅሁም። 9 ሰዓት ከ40 ላይ መኪናው ጋ ደረስን። ቆጠርሁ፤ ሠላሳ ሦስት። ደግሜ ቆጠርሁ። ሁሉም ሰው «አሁን ከኋላዬ ነበሩ» አለ። እያንዳንዱ እውነቱን ነው፤ እያንዳንዱ የተናገረው ግን ስለተለያየ ሰዓት ነው።

አራት ሆነን ወደ ላይ ተመለስን። የእኔ ድምፅ ከጥዱ መካከል ወጥቶ ተመልሶ እኔኑ ሲያገኘኝ የነበረውን ስሜት ለመግለጽ አልሞክርም። ስልካቸው አይሠራም። 11 ሰዓት አለፈ። 12 ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው፣ ከመንገዱ በግራ በኩል ርቆ ካለ አንድ ጎጆ አንድ ልጅ በፉጨት ጠራን። እትዬ ከምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በትከሻቸው ላይ የቤቱ እመቤት ጋቢ ጣል ተደርጎ፣ ቡና ይዘው አገኘናቸው። ጉልበታቸውን ሊያሽሹ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለው ሲነሡ ሰልፉ የለም፤ መንታ መንገድ ላይ ግራውን ያዙ። በግ የሚጠብቀው ልጅ ብቻቸውን ሲያያቸው ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። አባወራው ለእኔ የነገረኝ በአማርኛ ነው፤ እንዲህ አለ፦ «ጠዋት ምን ጠፋባችሁ ብዬ ነበር፤ ምንም አላችሁኝ።»

ይቅርታ ስጠይቃቸው እትዬ አልተቆጡኝም። «እኔ ድምፃችሁን ለብዙ ጊዜ እሰማ ነበር» አሉኝ። «ስትስቁም ሰምቻለሁ። የእኔን ነው ያልሰማችሁት።» በመኪናው ውስጥ እስከ ከተማው ድረስ ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም። ታሪኩን እንዳወራው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ቀየርን። መሪውን ከመምረጣችን በፊት ደጀኑን እንመርጣለን፤ ደጀኑ ፊሽካና የቁስል ማሰሪያ ይይዛል፤ ማንም ከእርሱ በኋላ አይሄድም። መንታ መንገድ ላይ የደረሰ ሰው ተከታዩ ዐይኑን እስኪያየው ድረስ ይቆማል። ቆጠራውን መሪው በዐይኑ አይቆጥርም፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ከኋላ ጀምሮ ይጠራል፤ አንድ ቁጥር ከጎደለ ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ዕረፍት የሚጀመረው ደጀኑ ሲቀመጥ ነው። በዚህ ምክንያት ጥቂት ፈጣን ወጣቶች ትተውን ሄደዋል፤ «ቀብር አጀብ ሆነብን» አሉ። ቅሬታቸው ሐሰት አይደለም፤ ጉዟችን በእርግጥ ዘግይቷል፤ አናቱ ሳንደርስ የተመለስንባቸው ቀናትም አሉ። ለእነርሱ የሚሆን ፈጣን ቡድን ቢኖር ደስ ይለኛል። ቀርፋፋውን ሰው ጋብዞ አምጥቶ በፈጣኑ እግር መለካትን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ልቀበለው አልቻልሁም። በክፍልም ውስጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈተና ባርም ቁጥር ከኋላ መቁጠር ጀምሬአለሁ፤ ያ ግን የሌላ ቀን ወሬ ነው።

እትዬ አንድ ወር ያህል አልመጡም። አይመለሱም ብለን ነበር። በግንቦት አንድ እሑድ ንጋት ላይ አደባባዩ ላይ ደረሱ፤ አዲስ ምርኩዝ ይዘዋል። ወደ እኔ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰላምታ መስሎኝ ጨበጥሁ። «እርሱን አይደለም» አሉኝ፤ «ፊሽካውን አምጣ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጀናችን እርሳቸው ናቸው። አናት ላይ ሲደርሱ ሁላችንም ቀድመን ተቀምጠን እንጠብቃቸዋለን፤ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ውኃቸውን ይጠጣሉ፣ ከቆሎው ይቆነጥራሉ። «እንነሣ» የሚሉትም እርሳቸው ናቸው።

 ጥያቄ ያለው ሰው፣ ከኋላ ረድፍ ብንጀምርስ?