ኩፍኝና ቲ-ሴሎች፦ ሽፍታው የማን ሥራ ነው?

የተሰጠኝ ርእስ «ሰውነት ኩፍኝን እንዴት ይዋጋል፣ ሁለተኛው ክትባትስ ለምን አስፈለገ?» የሚል ነው። ዓመታት ያሰላሰልኩት የፊተኛውን ስለሆነ ከእሱ እነሣለሁ።

ልጅ ሲያተኩሰውና ዓይኑ ሲቀላ እናቶች «ቶሎ ይውጣለት» ይላሉ፤ ሳይወጣ መቅረቱ ያስፈራቸዋል። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። ቫይረሱ ከገባ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የሚታየው ሽፍታ ቲ-ሴል የምንላቸው ነጭ የደም ሴሎች ቆዳ ድረስ ዘልቀው ቫይረሱ የያዛቸውን ሴሎች ሲገድሉ የሚነሣ ነው። አንቲቦዲ የተባለውን ተከላካይ ፕሮቲን መሥራት ሳይችሉ የተወለዱ ልጆች ኩፍኝ ሲይዛቸው እንደ ማንኛውም ልጅ ሽፍታው ወጥቶላቸው ይድናሉ። ቲ-ሴላቸው የደከመባቸው ግን አንዳንዴ ቆዳቸው ላይ ምንም ሳይታይ ቫይረሱ ሳንባቸውን ወርሮ ይገድላቸዋል። ነርሶች፣ ይህን ያዙልኝ፤ ቲ-ሴል የሚያደክመው ኤችአይቪ በደሙ ያለ ልጅ ሽፍታ ስላልታየበት ብቻ ኩፍኝ የለበትም አትበሉ።

ከባዱ ነገር የኩፍኝ ቫይረስ የሚኖረው በእነዚሁ ተከላካይ ሴሎች ውስጥ መሆኑ ነው። ሲዲ-150 በተባለው ፕሮቲን በኩል ገብቶ በተለይ የቀድሞ በሽታዎችን የሚያስታውሱትን ሴሎች ያጠፋል። በ1908 እ.ኤ.አ. የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የሳንባ ነቀርሳ የቆዳ ምርመራ ምላሽ ይሰጡ የነበሩ ልጆች ኩፍኝ ሲይዛቸው ምላሻቸው እንደሚጠፋ አስተዋለ። በ2019 እ.ኤ.አ. ያልተከተቡ የኔዘርላንድ ልጆች ደም ሲመረመር፣ ከኩፍኝ በፊት ከነበራቸው ልዩ ልዩ አንቲቦዲ ከ11 እስከ 73 በመቶው ጠፍቶ ተገኘ። ሰውነታቸው ኩፍኝን ራሱን ግን ዕድሜ ልክ ያስታውሰዋል፤ እኔን ዛሬም የሚደንቀኝ ይህ ነው። ሽፍታው ከከሰመ ከሳምንታት በኋላ ልጅን በሳንባ ምችና በተቅማጥ የምናጣው የቀድሞ በሽታዎች ትዝታው ስለሚጠፋ ነው፤ ወላጅም ሐኪምም «ኩፍኙ አልፏል» ባሉበት ሰዓት።

ሰዓቴ ስላለቀ ክትባቱን በአጭሩ ልበል። በ9 ወር የሚሰጠው የመጀመሪያው ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይከላከላል፤ ከእናት የወረሱት አንቲቦዲ በአንዳንዶቹ ላይ ሥራውን ያከሽፈዋል። ኢትዮጵያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ15 ወር ሁለተኛውን የምትሰጠው የቀሩትን ለመድረስ ነው። የታመመ ልጅ ደግሞ ሁለት ቀን በተከታታይ ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን 15 ወር የሞላቸውን ቤት ለቤት ሲፈልጉ፣ የምታውቁትን በር አሳዩአቸው።