ስለ ልብ ጤንነትና ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ
ለመካነ ኢየሱስና ለአካባቢዋ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

ተማሪዎች ሆይ፤

ከሰው ብልቶች ሁሉ ዕረፍት የሌለው ሠራተኛ ልብ ነው። በሬ እንኳ ሲመሽ ከቀንበር ይፈታል፤ ልብ ግን ሌሊትም አያርፍም። መጠኑ የጨበጠ እጅ ያህል ሲሆን፥ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ይህም በአንድ ቀን ሲቈጠር 100,000 ጊዜ ያህል ይሆናል። የጉናን አቀበት የሚወጣ ሰው ደረቱን በእጁ ቢነካ፥ ልቡ ፈጥኖ ሲመታ ያውቀዋል። ጡንቻዎች ሥራ ስለ በዛባቸው ልብ ደም አብዝቶ ይልክላቸዋል፤ ሰውየው ሲቀመጥም ልቡ ይረጋል።

አሁን ግን ልብን ያለ ሥራ የሚያስሮጥ ነገር በየከተማው ታይቷል። ስሙም ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ወይም ቬፕ ይባላል። መልኩ እንደ ብርዕ ወይም እንደ ትንሽ ሣጥን ነው፤ በውስጡም ባትሪ፥ የሚግል ቀጭን ሽቦና ጣዕም የተጨመረበት ፈሳሽ አለ። ሽቦው ሲግል ፈሳሹ ይተናል፤ ሰውየውም እንፋሎቱን ወደ ሳንባው ይስበዋል። ሽታው እንደ ፍራፍሬ ስለ ሆነና ዐመድ ስለሌለው፥ ብዙ ወጣቶች ጉዳት የሌለው መስሏቸው ይታለላሉ።

እርግጥ ነው፤ ቅጠል ስለማይቃጠልበት የሲጋራው ቅጥራን የለበትም። ነገር ግን የትንባሆ መርዝ የሆነው ኒኮቲን በአብዛኛው ፈሳሽ ውስጥ አለ። ኒኮቲን በሳንባ በኩል ወደ ደም በገባ ጊዜ፥ ሰው ሲደነግጥ የሚመነጨውን አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ያስነሣል። ያን ጊዜ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ልብም ይፈጥናል። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ልቡ አቀበት ይወጣል። ደግሞም ከእንፋሎቱ ጋራ የሚገቡት ደቃቅ ነገሮች የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ያስቈጣሉ። መሣሪያው ለገበያ ከወጣ ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ሐኪሞች የረጅም ዘመን ጉዳቱን ገና እየመረመሩ ናቸው፤ ጥልቀቱ ያልታወቀ ወንዝ በክረምት የሚሻገር ብልህ ግን የለም።

ከዚህም በላይ የሚከፋው ልማዱ ነው። የወጣት አንጎል እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና ስለሚያድግ፥ ኒኮቲን ፈጥኖ ባሪያ ያደርገዋል።

በኢትዮጵያ ትንባሆን መከልከል አዲስ ነገር አይደለም፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘመናቸው አጥብቀው እንደ ከለከሉ በታሪክ ተጽፏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባትንና መሸጥን ከልክሏል፤ ትንባሆም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ አዟል። እንግዲህ በስውር የሚሸጥ ሰው ጤናንም ሕግንም ይበድላል።

ተማሪዎች ሆይ፤ ነገ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ለትምህርት ወደ ደብረ ታቦር፥ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ። በዚያም «ጭስ የለውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቅመሰው» የሚል ባልንጀራ አይታጣም። መልሳችሁ አጭር ይሁን፦ ጭሱ ባይታይም ልብ ያውቀዋል። አስቀድሞ የጀመረ ቢኖርም ዐፍሮ አይደበቅ፤ ለወላጁ፥ ለመምህሩ ወይም ለጤና ጣቢያ ሠራተኛ ይንገር። ኒኮቲኑ በቀረ ጊዜ ልብ ከድካሙ ማረፍ ይጀምራልና።