ሰው ካለ እምቢ የሚል ሽንት

ከሞያሌ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው አውቶብስ ዲላ መናኸሪያ ቆሟል። አንዱ ተሳፋሪ ሽንቱ ወጥሮታል፤ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ግን ከበር ውጭ ያለው ተረኛ ጉሮሮውን ሲጠርግ ጠብታ እንኳ እምቢ አለው።

ይህ የፍርሃት ሥራ ነው። ስንጨነቅ ሰውነታችን አድሬናሊን ይረጫል፤ የፊኛ መውጫ ጡንቻም ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ሐኪሞች ችግሩን ከማኅበራዊ ጭንቀት ይመድቡታል።

መላ ግን አለው። መንገድ አለብኝ ብለው ውሃ አይተዉ። ልምምዱን ከቀላሉ ይጀምሩ፦ መጀመሪያ ወዳጅዎ ራቅ ብሎ ይቁም፣ ቀጥሎ በር ላይ፣ በመጨረሻም ሰልፍ ባለበት ይሞክሩ። ሳያምጡ ትንፋሽዎን በቀስታ ያውጡ።

ብቻዎን ሆነውም ከተቸገሩ፣ ካቃጠለዎ ወይም ደም ካዩ በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይታዩ። ጨርሶ ከተዘጋብዎ ግን ይዘው አይደሩ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!